ቆራጣ የገባ ሰው አይነካም ነበር ይባላል፤ እስከ ምን ድረስ?

የጀልባ አስጎብኚ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከባሕር ዳር ጎብኚ ይዘን በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ፣ ክብራን፣ ዳጋ፣ አንዳንዴም የሐይቁ ዳር ከተማ እስከሆነችው ቆራጣ ድረስ እንሄዳለን። ጀልባው ላይ የምንተርከው ጽሑፍ ስላረጀ በአዲስ እየቀየርነው ነው። ባለታሪኩ የፈጠራ ሰው ነው፤ የሲራራ ነጋዴ፣ ዘመኑም ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው ጥቂት ዓመታት በፊት። በሱዳን ጠረፍ ባለው የመተማ ገበያ ላይ በዕዳ በተነሣ ጠብ ሰው ይገድላል፣ ይሸሻል፣ መጨረሻ ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ደብር ደርሶ ይማፀናል።

በድሮው ጽሑፍ «ቆራጣን የረገጠ ሰው ንጉሥም አይነካውም» የሚል አለ። እንዲህ ከተባለ ግን ጎብኚው «ታዲያ ወንበዴው ሁሉ እዚያ አይከትም ነበር ወይ?» ማለቱ አይቀርም። እናንተ የምታውቁትን ንገሩኝ። ሰውየው ሲደርስ ምን ያደርጋል? ጥበቃው ከምን ከምን ያድነዋል፣ በምንስ ይፈርሳል? መተማ ላይስ ከለላ የሚሆነው አልነበረም? ደግሞ ይህን መብት መጫወቻ ያደረጉት እነማን ናቸው?

ደወል ጠባቂ፦

መጀመሪያ ያችን «ንጉሥም አይነካውም» የምትል ሐረግ ሰርዟት። መማፀኛ ቦታ የገዳይን ጥፋት አይፍቅለትም። የሚሰጠው ጊዜ ነው። ደም መላሹ ጦሩን እንደጨበጠ ሲደርስ በመካከላቸው ካህን፣ ሽማግሌና ጥቂት ቀን እንዲገባ ያደርጋል፤ የቀረው ሁሉ ድርድር ነው።

አካሄዱን በተመለከተ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜኑን የዞሩ የውጭ ተጓዦች ያዩትን ጽፈዋል። ሸሺው ደወሉን ይደውላል፣ ከዚያም በቦታው ለመቀመጥ መቁረጡን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ ይናገራል። ይህ ለወግ ያህል የሚደረግ ነገር አይምሰላችሁ። ደወል ያለ ሰዓቱ ሲጮህ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ሰውየው እዚያ እንዳለ፣ በራሱ ፈቃድ እንደገባ፣ ማን እንደሚያሳድደው መቶ ጆሮ ይሰማል። ነጋዴያችሁ በሌሊት አጥር ዘሎ ጓሮ ውስጥ ቢሸጎጥ ግን ምስክር የለውም። ደመኛው ጎትቶ ቢያወጣው ደብሩ «የኔ ተማፃኝ ነው» ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ትዕይንቱን በድብቅ መግባት ሳይሆን በጩኸት መግባት አድርጉት።

ቀጥሎ ጉዳዩ ይጠየቃል። ዕዳ ነው? የጌታ ቁጣ ነው? ደም ነው? የእናንተው ደም ስለሆነ በዚያ ላይ ልቆይ። በዘመኑ ልማድ ነፍስ የገደለ ሰው ተፈርዶበት ለሟች ዘመዶች ይሰጣል። ቢፈልጉ ይገድሉታል፣ ቢፈልጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ዳኛውና ካህናቱ ገንዘቡን እንዲቀበሉ ይማልዳሉ እንጂ ማስገደድ አይችሉም። ገዳዩ በደመኞቹ እጅ ከሆነ ድርድሩ የሚካሄደው ጦር አንገቱ ላይ ተደግኖ ነው፤ መማፀኛ ውስጥ ከሆነ ግን ቢያንስ ዋጋው በዝግታ ይነገራል። ዘመዶቹ ከብት ሸጠው፣ ተበድረው፣ ካህናት መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤት ተመላልሰው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። በመጨረሻው ዕርቅ ላይ ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ቀርቦ ይወድቃል። ጎብኚው ፊት ሊተወን የሚችል ጥሩ ትዕይንት ይኸው።

ወሰኑን በሜትር አትንገሯቸው። የሚታወቀው በምልክት ነበር፦ በወንዝ፣ በዛፍ፣ በደብሩ መሬት ድንበር። ከምልክቱ ወዲያ አንድ እርምጃ የወጣ ሰው እንደማንኛውም ሽፍታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጽሑፋችሁ ይጠቅማል። ቆራጣ መማፀኛ የሆነችው በወለተ ጴጥሮስ ክብር ነው። እሷ ራሷ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም በማለቷ ወደ ዠበይ፣ ማለትም ወደ ሱዳን ጠረፍ ቆላ፣ ተግዛ 3 ዓመት ያሳለፈች ሴት ናት። ያረፈችው ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም ነው። በኋላ ዘመን በተጻፉት ተአምራቷ ውስጥ ወደ እሷ የተማፀነን ሰው የደፈሩ ሰዎች ሲቀጡ ይነበባል። ሰው ቆራጣን የሚፈራው ዘበኛ ስላላት አይደለም፤ የቅድስቲቱን ቅጣት ስለሚፈራ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወሰኑም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቅጣቷን የማይፈራ ሰው ሲመጣ አጥሩ የእንጨት አጥር ብቻ ይሆናል።

ሲራራ፦

የመተማውን ወገን እኔ ልሙላ።

መተማን በዛሬ መልኩ አታስቡት። በዚያ ዘመን ነዋሪው በብዛት ተክሩር ነው፤ ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ለሐጅ ከተጓዙት በመንገድ የቀሩ ሰዎች ዘር። የሚያስተዳድራቸው የራሳቸው ሼክ ነበር። ሼኩ ደግሞ ለሁለት ጌታ ይገብራል፦ ለኢትዮጵያ ገዥዎች፣ እንዲሁም ከ1813 ዓ.ም ጀምሮ ሱዳንን ለያዘችው ግብፅ። ከተማዋ የቆመችው በዚህ ነው። ደጋው ቡናውን፣ ሰሙን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ባሪያውን ያወርዳል፤ ቆላው ጥጥና የውጭ ሸቀጥ ይዞ ይጠብቃል፤ ሁለቱም ገበያው እንዳይዘጋ ይፈልጋሉ።

ለነጋዴው ከለላ የሚሆኑት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሼኩ በገበያው ውስጥ፣ ነጋድራሱ ማለትም የነጋዴዎች አለቃ በነጋዴዎች መካከል፣ ባልደረባው ደግሞ በገዥው ግቢ። ባልደረባ ማለት ለእንግዳ ወይም ለበታች ሰው ጉዳዩን ወደ ጌታው እንዲያቀርብለት የሚመደብ ሹም ነው። ያለ እሱ ግቢ አይገባም፣ አቤት አይባልም። እጅ መንሻ ይቀበላል፣ ይህም ነውር አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። የሦስቱም ጥበቃ ከሰው ጋር የታሰረ ነው። ባልደረባው ሲሻር ወይም ሲሞት የነጋዴው ውል አብሮ ይሞታል፤ ተተኪው «እኔ ምን ተቀበልኩ?» ብሎ ከሀ ይጀምራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የሚያውቅ ሹም ደግሞ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው፤ ከከሳሽም ከተከሳሽም።

ለሁለት ጌታ መገበር ለሼኩ ጠቀመው እንጂ ነጋዴው ያንኑ ቢሞክር ይጎዳል። በሰላም ጊዜ ሁለቱም ወገን ግብሩን ይቀበሉታል፤ ሲዘረፍ ግን ሁለቱም «የዚያኛው ሰው ነህ» ይሉታል። ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሁለቱም ሰላይ ያደርጉታል። ታሪካችሁን 1840 ዓ.ም ላይ ካደረጋችሁት ይህ በደንብ ይታያል፤ በዚያ ዓመት ነው የቋራው ካሣ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ የተሸነፈው። ከዚያ በፊት እሱም በዚያው ቆላ ሸፍቶ የኖረ ነው። ነጋዴያችሁ መንገድ ላይ ከሽፍታ ቢጠበቅ እንኳ ያ ሽፍታ ነገ ንጉሠ ነገሥት ሊሆን እንደሚችል ጎብኚው ይወቀው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከመተማ ወደ ደጋው የሚወጣ ቅፍለት፣ ማለትም የነጋዴ ጓዝ፣ ወህኒና ጭልጋ ላይ ኬላ ያገኛል። ኬላ ላይ ጭነት በአጋሰስ ይቆጠራል፣ ይፈታል፣ ይከራከሩበታል፣ ቀረጡ በአሞሌ ወይም ከዕቃው ተቀንሶ ይሰጣል። ቀረጡ በመርሕ ደረጃ የጥበቃ ዋጋ ነው፤ የከፈለ ሰው በዚያ ሹም ግዛት ውስጥ ቢዘረፍ ሹሙ ይጠየቃል። ብልሽቱ የሚጀምረው ሹሙ ቀረጥ የሚከፈልበትን በር እያበዛ መንገዱን ማስጠበቁን ሲተው ነው። በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት በር ይቆማል፣ መሐሉ ግን የማንም አይደለም። ዝርፊያው ሁሉ እዚያ መሐል ነው።

አጃቢ መቅጠርም የራሱ ወጥመድ አለው። አጃቢው ሥልጣኑ እስከ ጌታው ድንበር ነው። ድንበሩ ላይ «እንግዲህ በሰላም ግቡ» ብሎ ሲመለስ ቅፍለቱ ስንት አጋሰስ፣ ስንት ጠመንጃ፣ የት እንደሚያድር ጠንቅቆ ያውቃል። ከሽፍታው ጋር ከተወዳጀ ይኸው መረጃ ነው የሚሸጠው። አዋቂ ነጋዴ ለዚህ ሦስት መላ ነበረው። ክፍያውን ሁሉ ሲነሣ አይሰጥም፣ የተረፈውን አጃቢው የሚቀበለው በሚቀጥለው ኬላ ነው። የሚያድርበትን ቦታ ለአጃቢ ሳይነግር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመርጣል። ብቻውንም አይነሣም፤ ሌሎች ነጋዴዎች እስኪሰበሰቡ ቀናት ቢፈጅም ጠብቆ በአንድ ነጋድራስ ሥር ነው የሚወጣው። ማታ ጭነቱ ይከመራል፣ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፣ ከብቱ ከአጥሩ ውስጥ ያድራል፣ እሳት አይጠፋም።

ታዲያ ነጋዴያችሁ ሰው ከገደለ በኋላ ይህ ሁሉ አይሠራለትም። ሼኩ ለሟች ወገን ያደላል፣ ነጋድራሱም ለአንድ ሰው ብሎ የነጋዴውን ሁሉ መንገድ አያስዘጋም። ጥበቃ የተሠራው ለጭነቱ ነው። ከቅፍለቱ ተነጥሎ ብቻውን ነው የሚሸሸው።

የውል ጸሐፊ፦

ደወል ጠባቂ በጎ ብለዋል፤ ግን ዕዳውን ዘለሉት፣ ታሪኩ ደግሞ የሚጀምረው ከዕዳ ነው።

በድሮው ሥርዓት ባለዕዳ ሲካሰስ ዋስ ይጠራል። ዋስ ካጣ ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ ነጠላ ለነጠላ ታስረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ይህ ለከሳሹም ቅጣት ስለሆነ ሁለቱም ዋስ ይሻላቸዋል። እንግዲህ ዋስ ያለው ባለዕዳ ተነሥቶ መማፀኛ ቢገባ ማን ይያዛል? ዋሱ ነዋ። ደብሩ ለገባው ሰው ምሕረት ሲያደርግ ውጭ ያለው ዋስ በሬውን ይሸጣል። የመማፀኛ ብልሹ አጠቃቀም ሲነሣ ሰው ቶሎ ወንበዴ ወንበዴ ይላል፤ ሰውን ያስመረረው ግን በገንዘብ የሚሸሸው ይመስለኛል። ወንበዴ በቁጥር ጥቂት ነው፣ ባለዕዳ ግን በየገበያው አለ።

ሌላው፣ ካህናቱ የሚንተራሱበት መጽሐፍ ራሱ ገደብ አለው። ኦሪት ዘኍልቍ 35 ላይ 6 የመማፀኛ ከተሞች ተደንግገዋል፣ በዮርዳኖስ ወዲህ 3፣ ወዲያ 3። የሚጠለልባቸው ሳያስብ የገደለ ነው። አስቦ የገደለ ቢገባ የከተማው ሽማግሌዎች ከዚያ አውጥተው ለደም ተበቃዩ ይሰጡታል፣ ይህ ዘዳግም 19 ላይ ነው። ሳያስብ የገደለውም የሚቀመጠው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ነው፤ ከዚያ በፊት ከወሰኑ ቢወጣና ተበቃዩ ቢገድለው በተበቃዩ ላይ ደም የለበትም። በአንድ ምስክር ብቻ ማንም አይገደልም፤ ለነፍሰ ገዳይ ጉማ፣ ማለትም የደም ዋጋ፣ መቀበልም ተከልክሏል። የኛ አገር ልማድ በዚህኛው ላይ ከኦሪቱ ይለያል፤ የደም ዋጋው የዕርቁ ዋና ምሰሶ ነው። ኢዮአብ ደግሞ የመሠዊያውን ቀንድ እንደያዘ ነው በሰሎሞን ትእዛዝ የተገደለው፤ 1ኛ ነገሥት 2። ስለዚህ «ታቦት የያዘ አይነካም» የሚል ሰው ካህኑንም መጽሐፉንም አልጠየቀም።

የጀልባ አስጎብኚ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ የሚከነክነኝ አለ። ሰውየው ለምን ቆራጣ ድረስ ይደክማል? ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እዚያው ቆላ አጠገቡ ነው። ሐይቁ ላይስ ደሴት ገብቶ ውሃ በመካከል ቢያደርግ አይሻለውም? ደግሞ ሚስቱን አስከትሎ እንዲመጣ አስበን ነበር።

ደወል ጠባቂ፦

ሚስት ካለች ጉዳዩ በዚያው ተቆረጠ። ማኅበረ ሥላሴ ሴት አይገባበትም። ክብራን ገብርኤልም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ይህን ለጎብኚ በየቀኑ ትናገሩታላችሁ፣ ለታሪካችሁም አስቡት፦ ሴት ተማፃኝ ወደ እነዚያ ደሴቶች እግሯን አታነሣም።

ሚስት ባትኖርም ገዳም ለነጋዴ አይመቸውም። እዚያ የሚቀመጥ ሰው በገዳሙ ሥርዓት ነው የሚያድረው። እንጨት ይሰብራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ከማኅበሩ ማዕድ ይቀምሳል፣ ንግድ የለም። አንዳንዱ መኳንንት ሲሸነፍ ቆብ ጭኖ ነፍሱን ያተርፋል፤ ቆቡን ጥሎ ወደ ጦር የተመለሰ ቀን ግን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያምነው የለም። ቆራጣ ግን ደብርም ከተማም ናት፤ በዘመኑ በጣና ዳር ካሉት የንግድ ከተሞች ግንባር ቀደሟ ነበረች። ሰው ተማፅኖም ሊነግድ፣ ሚስት ልጁን ሊያኖር፣ የደም ዋጋውን ሠርቶ ሊከፍል ይችላል። ለዚህ ነው መንገዱን ሁሉ የሚያቋርጠው። ጎንደርም ተመሳሳይ ቦታ ነበራት፣ እጨጌ ቤት የሚባለው፣ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር። ሀብታሞች ጦር ሲመጣ ዕቃቸውን እዚያ ያስገቡ ነበር።

ደሴት ያድናል የሚለውን ደግሞ ከጀልባችሁ ሳትወርዱ የምታፈርሱበት ታሪክ አለላችሁ። ታላቁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ የሚባሉት፣ ዙፋናቸውን ትተው ጣና ላይ ጨቅላ መንዞ ደሴት ገብተው ነበር። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፤ ጥቅምት 1699 ዓ.ም ላይ ገዳይ ተልኮ እዚያው ደሴቱ ላይ ተገደሉ፣ የተቀበሩት ምጽራሃ ደሴት ነው። ውሃም፣ ገዳምም፣ የንጉሥ ስምም አልመለሰላቸውም። ሕዝቡ ልጅየውን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ሰየመው፣ እሱም በሁለተኛው ዓመት ተገደለ። እንግዲህ የልጅየው ስም የጠፋው ግድያው ከሆነ በኋላ ነው፤ ለአባትየው ምን ጠቀማቸው?

ዘመነኛው፦

ሁላችሁም ካህናቱን ንጹሕ አድርጋችሁ አስቀመጣችኋቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ሲያግዙ፣ ዋናው ክሳቸው ከተማይቱ ዐመፀኛ ታቅፋለች የሚል ነበር። በአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቄስና 3 ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለወታደር ይሁን ያሉትም እሳቸው ናቸው። ጭካኔውን አላጸድቅም። ግን ግምጃ ቤት የሆነ ደብር ሲዘረፍ መገረም አይገባም።

ደወል ጠባቂ፦

በክሱ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። መጻሕፍት ዐመፀኛ አይደሉም፤ 1859 ላይ የታገዘው ደግሞ መጽሐፍ ነው።

ነገር ግን የተናገርከው ብልሽት እውነት አለው። መማፀኛ የተሠራው ለሰው ነፍስ ነው። ሀብታሙ ብሩንና ሐሩን ሲያስገባ ካህኑ የአደራ ጠባቂ ሆነ፤ ለአደራውም ስጦታ መቀበሉ አይቀርም፤ ስጦታ የሰጠውን ሰው ደግሞ ሲያጠፋ ለማውጣት ይከብደዋል። ቀጥሎ የሚገባው የአንዱ መስፍን እህልና የጦር መሣሪያ ይሆናል። እዚህ ላይ የተቃራኒው ጦር ደብሩን የሚያየው እንደ ጠላት ጎተራ ነው፣ የካህናቱ ግዝትም ከጉሮሮ አያልፍም። የመጨረሻው ደረጃ ቀን ተማፃኝ ማታ ዘራፊ የሚሆነው ነው፤ ከወሰኑ ወጥቶ ከብት ነድቶ ንጋት ላይ ደወሉ ሥር የሚገኝ። ይህን ሰው ማስወጣት የነበረበት ደብሩ ራሱ ነው፤ ካላስወጣው ጎረቤቱ በሚቀጥለው እውነተኛ ተማፃኝ ላይ ይጨክናል።

ሲራራ፦

የግዝቱ ነገር ለእናንተ ታሪክ ወሳኝ ነው፣ ሁላችሁም ዘለላችሁት። ሟቹ መተሜ ከሆነ ዘመዶቹ እስላሞች ናቸው። የወለተ ጴጥሮስ ግዝት አያስራቸውም። ቆራጣ ደጃፍ ላይ የሚያቆማቸው የአገሩ ሹም ቁጣና ነገ ጭነታቸው በዚያ መንገድ ማለፍ እንዳለበት ማወቃቸው ነው። ስለዚህ አስታራቂው ካህን ብቻ ከሆነ ትዕይንቱ ይወድቃል፤ ከጎኑ በሁለቱም ወገን የታወቀ የጀበርቲ፣ ማለትም የደጋው እስላም፣ ነጋዴ ሽማግሌ አስቀምጡ።

ይኸው ነገር በትልቁ የታየው በ1880 ዓ.ም ነው። የመሐዲስቶች ጦር ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደር ሲገባ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ያ ጦር ደወልም ሆነ ግዝት የሚከለክለው አልነበረም። በዓመቱ 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፣ ያ የሁለት ጌታ ገበያም አበቃለት።

የውል ጸሐፊ፦

ጎብኚ «ዛሬስ?» ብሎ ከጠየቀ ባጭሩ መልሱለት። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ተጠርጣሪን ከሕግ የሚሸሽግበት መብት የለውም፤ ወንጀለኛን አውቆ መደበቅ ራሱ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። በአማራ ገጠር የቀረው ደም አድርቅ ነው። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን መንገድና ገበያ ይርቃል፣ ሽማግሌና ካህን ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ በመስቀል ይማማላሉ። ዕርቁ ቂሙን ይዘጋል እንጂ የዐቃቤ ሕጉን ክስ አይዘጋም። አንዳንድ ቤተሰብ «ታርቀናል» ብሎ ተጠርጣሪውን ሳያቀርብ ሲቀር፣ አንዳንዱም ካሳውን ከበላ በኋላ ፍርድ ቤት ሲመሰክር ዕርቁ በድጋሚ ይፈርሳል። ሽማግሌዎቹ ስለዚህ ገና ሲጀምሩ ገዳዩ እጁን ለፖሊስ እንዲሰጥ ማድረጋቸው ይሻላል።

ሲራራ፦

አንድ ማስተካከያ፣ ከዚያ እኔ ጨረስኩ። ሰውየው የሚሸሽበትን ወር አስቡበት። በክረምት ከመተማ መውጣት አይቻልም፤ ጓንግ ይሞላል፣ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ነው፣ አጋሰስ ይሰምጣል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጭቃው ቢደርቅም ንዳዱ የሚበረታው ያኔ ነው። ቅፍለት የሚበዛው ከኅዳር በኋላ ስለሆነ ጥር ወይም የካቲት አድርጉት። መንገዱም ጭልጋ፣ ደምቢያ፣ ከዚያ ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ በይፋግ በኩል ነው። በታንኳ ላቋርጠው ካላችሁ ጠዋት ይነሣ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥቶ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ከጎርጎራ ቆራጣ በአንድ ትንፋሽ አያደርሰውም። በየማደሪያው ዳር መውረድ ግድ ነው፣ ደመኞቹም የሚጠብቁት እዚያ ነው።